ከከተማ ጣሪያ ላይ የኦሪዮንን ኔቡላ ማንሳት፦ የአንዲት ፎቶ አንሺ የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ ለምን ተመዘገበ

በትልቅ ከተማ መሃል የምትኖር አንዲት ፎቶ አንሺ ከቤቷ ጣሪያ ላይ ሆና የኦሪዮንን ኔቡላ፣ ማለትም ኦሪዮን በሚባለው የከዋክብት ስብስብ ውስጥ ያለውን የሚያበራ የጋዝ ደመና፣ አነሳች። የተጠቀመችው በተራ ካሜራ ነው። ፎቶው ያምራል፤ ይህን የምጽፈው ግን ስላማረ ብቻ አይደለም። ወደ ፎቶው የደረሰችበት መንገድ ብዙ ጀማሪዎች ጊዜያቸውና ገንዘባቸው የት ላይ እንደሚባክን ቁልጭ አድርጎ ስለሚያሳይ ነው። ሥራውን በቅርብ ተከታትያለሁ። ፎቶዎቹ ሲቀናበሩም አብሬያት ተቀምጫለሁ። ስሟንም ከተማዋንም አልጠቅስም፤ የሚያስፈልገን የሠራችው ነገር ነው።

የነበረው ሁኔታ

መተዳደሪያዋ የሰው ፎቶ ነው። ስለ ብርሃን፣ ስለ ሌንስና ስለ ቀለም ጠንቅቃ ታውቃለች። የሌሊት ሰማይን ግን አንስታ አታውቅም ነበር። በእጇ የነበረው አነስ ያለ ሴንሰር ያለው ዲኤስኤልአር ካሜራ፣ ባለ 50 ሚሊሜትር ሌንስ፣ ከ70 እስከ 200 ሚሊሜትር የሚሄድ ባለ ኤፍ 4 ዙም ሌንስና ጠንካራ ትራይፖድ ነው። በሥራዋ ምክንያት ከከተማ ወጥታ ማደር የምትችለው አልፎ አልፎ ነው። ስለዚህ ወይ ከጣሪያዋ ላይ ታነሳለች፣ ወይ ትተወዋለች።

ጣሪያው ግን ለዚህ ሥራ የሚመች አልነበረም። አሜሪካዊው የሰማይ ተመልካች ጆን ቦርትል እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጣው ባለ 9 ደረጃ የሰማይ መለኪያ አለ። 1 ድቅድቅ ጨለማ ነው፤ 9 የከተማ እምብርት ነው። የእሷ ጣሪያ 8 ላይ ነው። ቀና ብላ ስታይ የምትቆጥረው ደማቅ ደማቆቹን ከዋክብት ብቻ ነው። ፍኖተ ሐሊብ የሚባል ነገር ወፍ የለም።

ይህ የእሷ ችግር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው የዓለም የሰው ሠራሽ ብርሃን አትላስ እንደሚያሳየው ከዓለም ሕዝብ ከሲሶ በላይ የሚሆነው ከሚኖርበት ቦታ ሆኖ ፍኖተ ሐሊብን ማየት አይችልም። እ.ኤ.አ. በ2023 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት ደግሞ ተራ ሰዎች በዓይናቸው የቆጠሯቸውን ከዋክብት መሠረት አድርጎ፣ ከ2011 እስከ 2022 ድረስ ሰማዩ በየዓመቱ በአማካይ 10 በመቶ ገደማ እየደመቀ እንደመጣ አሳይቷል። በእኔ እምነት ይህ ሊያሳዝነን የሚገባ ነገር ነው። በአሥር ዓመት ውስጥ አንድ ልጅ ከደጁ የሚያያቸው ከዋክብት ቁጥር በግልጽ ይቀንሳል።

ችግሩ በትክክል ምን ነበር

የመጀመሪያዋን ፎቶ ያነሳችው ለጨለማ ቦታ በተጻፈ ምክር ነው። 50 ሚሊሜትር ሌንስ፣ አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት) ኤፍ 1.8፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ትብነት) 3200፣ ሹተሩ ክፍት የሚቆይበት ጊዜ 30 ሰከንድ። የወጣው ወደ ብርቱካናማ የሚያደላ ነጭ ወረቀት የመሰለ ነገር ነው። ሂስቶግራሙ፣ ማለትም የፎቶውን ድምቀት ከጥቁር (ግራ) እስከ ነጭ (ቀኝ) የሚያሳየው ግራፍ፣ ሙሉ በሙሉ ቀኝ ጠርዝ ላይ ተለጥፏል። ከዋክብቱም የሉም። በዚያ ላይ 30 ሰከንድ ለዚያ ሌንስ ረጅም ስለሆነ፣ ቢታዩም ኖሮ ነጥብ ሳይሆን ጭረት ነበር የሚሆኑት።

“ከተማው ኔቡላውን ውጦታል” ነበር ያለችኝ። እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ከዚህ በኋላ የሚመጣው ሁሉ የተመሠረተው በዚህ ነጥብ ላይ ነው። የከተማ መብራት የኔቡላውን ብርሃን አያጠፋውም። ከኦሪዮን ኔቡላ ተነስቶ ወደ 1,300 የብርሃን ዓመት የተጓዘው ብርሃን ጣሪያዋ ላይ ይደርሳል፤ ሴንሰሩም ላይ ያርፋል። ችግሩ በላዩ ላይ ሌላ ብርሃን መደረቡ ነው። የመንገድ መብራት ወደ ላይ ይወጣል፤ በአየር ሞለኪውሎች፣ በአቧራና በእርጥበት ተበትኖ ወደ ታች ይመለሳል።

ይህ የተደረበ ብርሃን ሁለት ነገር ይዞ ይመጣል። አንደኛው የደመቀ መደብ ነው። እሱ ቀላል ነው፤ በኮምፒውተር ይቀነሳል። ሁለተኛው ኖይዝ ነው፤ በፎቶው ላይ እንደ አሸዋ የሚታይ የድምቀት መዋዠቅ። ብርሃን በእኩል ፍጥነት የሚፈስ ነገር አይደለም፤ ፎቶን በፎቶን እየተቆራረጠ ነው የሚደርሰው። ስለዚህ መደቡ በደመቀ ቁጥር መዋዠቁም ይጨምራል። መደቡን ብትቀንሰውም መዋዠቁ አይቀነስም። ደብዛዛውን የኔቡላ ክንፍ የሚሸፍነው ይኸው መዋዠቅ ነው።

ሒሳቡ ግልጽ ነው። ጨለማ ሰማይና የከተማ ሰማይ በ4 ማግኒቲውድ (የሰማይ ድምቀት መለኪያ) ቢለያዩ፣ የከተማው 40 እጥፍ ያህል ይደምቃል። ደብዛዛ ነገርን በእኩል ጥራት ለማንሳት የሚፈጀው ጊዜም 40 እጥፍ ያህል ነው። ቁጥሩ ያስደነግጣል፤ ግን መውጫውንም ይጠቁማል። ጊዜ መጨመር ይቻላል። የተደረበውን ብርሃን መቀነስ ይቻላል። ደብዛዛ ያልሆነ ነገር መምረጥም ይቻላል።

መጀመሪያ የተገዛው ፊልተር

እሷ ግን ሒሳቡ ውስጥ ሳትገባ ቀድማ ፊልተር ገዝታ ነበር። ብዙ ሰው እንደዚያ ያደርጋል። የገዛችው ከዲዲሚየም መስታወት የሚሠራውን፣ ቢጫ ብርሃን የሚያስቀረውን ዓይነት ነው።

ይህ ፊልተር በዘመኑ ጥሩ ሥራ ሠርቷል። የድሮዎቹ የሶዲየም መብራቶች፣ በተለይ ዝቅተኛ ግፊት ያላቸው፣ ብርሃናቸውን በሙሉ ማለት ይቻላል የሚያወጡት በአንድ የሞገድ ርዝመት፣ 589 ናኖሜትር አካባቢ (ቢጫ) ነው። እዚያ ላይ የሚያግድ መስታወት ብክለቱን ቆርጦ ይጥላል። በእሷ ሰፈር ግን የመንገድ መብራቶቹ ወደ ነጭ ኤልኢዲ ተቀይረዋል። ነጭ ኤልኢዲ 450 ናኖሜትር አካባቢ ሰማያዊ ጫፍ አለው፤ ከዚያ በኋላ እስከ ቀይ ድረስ ተዘርግቶ ይሄዳል። የሚቆረጥ አንድ ቦታ የለውም። ሰማያዊው ብርሃን ደግሞ በአየር ውስጥ ከቀዩ የበለጠ ይበተናል።

ውጤቱ? መደቡ ትንሽ ጠቆረ፤ ከኔቡላው ብርሃንም አብሮ ጥቂት ጎደለ፤ ቀለሙ ተዛባ። ጠብ የሚል ለውጥ አልነበረም። ፊልተር ከመግዛት በፊት በሰፈር ያለው መብራት ምን ዓይነት እንደሆነ ማወቅ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ሰማዩን መለካት

ቀጥሎ የተደረገው ምንም ወጪ የለውም። ካሜራዋን የብርሃን መለኪያ አደረገችው። በአንድ ዓይነት አይኤስኦ፣ በአንድ ዓይነት አፐርቸር፣ በአንድ ዓይነት ሹተር ሰማዩን በተለያየ ሰዓትና በተለያየ አቅጣጫ አነሳች። ከዚያ ሮው ፋይሎቹን (ካሜራው ያላቀነባበራቸውን ጥሬ ፎቶዎች) ሲሪል በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ከፍታ የመደቡን አማካይ ቁጥር አየች።

ሦስት ነገር ወጣ። መጀመሪያ፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ የሱቆችና የማስታወቂያ መብራቶች ሲጠፉ ሰማዩ በግልጽ ይጠቁራል። ሁለተኛ፣ ዝናብ አየሩን ካጠበ በኋላ ያለው ጥርት ያለ ሌሊት፣ አቧራ ካለበት ሌሊት በጣም ይሻላል፤ ብርሃኑን የሚበትነው ነገር ቀንሷልና። ሦስተኛው ከፍታ ነው። ከአድማሱ 30 ዲግሪ ላይ ያለ ነገር ብርሃኑ ወደ ካሜራው ሲመጣ፣ ከራስ በላይ ካለ ነገር ሁለት እጥፍ ያህል አየር ያቋርጣል። የከተማው ጉምጉም ብርሃንም የሚወፍረው ወደ አድማሱ ነው። ስለዚህ ኦሪዮን ከፍ ብሎ በሚታይበት ሰዓት ብቻ ለማንሳት ወሰነች። በታኅሣሥ አጋማሽ ይህ እኩለ ሌሊት አካባቢ ነው፤ በጥር ደግሞ ወደ ምሽት ይመጣል። ጨረቃ የሌለችባቸውን ሌሊቶች መረጠች፤ ይህ የማያከራክር ነው።

የጎረቤት መብራት

ስትለካ አንድ የማይገባ ነገር አየች። ወደ ደቡብ ምሥራቅ ስታዞር፣ ፎቶው ላይ ከሰማዩ ድምቀት ጋር የማይሄድ የግማሽ ክብ ጭጋግ ይወጣል። እጇን ከሌንሱ ጎን አድርጋ ስትጋርደው ይጠፋል። ከወዲያ ማዶ ካለው ቤት ደረጃ ላይ የተሰቀለ አንድ ኤልኢዲ ፓውዛ በቀጥታ ሌንሷ ላይ እያረፈ ነበር።

የሰማይ ብርሃንና እንዲህ ዓይነቱ ቀጥታ መብራት የተለያዩ ናቸው። የመጀመሪያውን አንድ ሰው ብቻውን ሊያጠፋው አይችልም። ሁለተኛውን ይችላል። በመጀመሪያ የሌንስ ሁድ (ከሌንሱ ፊት የሚገጠም የብርሃን መጋረጃ) ገጠመች፤ ግማሹን አስተካከለ። ከዚያ የልብስ ማስጫ ገመድ ላይ ጥቁር ብርድ ልብስ ሰቀለች፤ ነፋስ ሲነሳ ተንቀጠቀጠ እንጂ ሠርቷል። በመጨረሻ ግን ወርዳ የቤቱን ባለቤት አነጋገረቻቸው። ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው።

“አባባ፣ ያቺን መብራት ትንሽ ወደ መሬት ቢያዘነብሉልኝ” አለቻቸው።

“እኔ እኮ ያበራኋት ለሌባ ነው ልጄ። ሰማዩን ማን አብራ አላት?” አሉ። መሰላል አምጥተው ራሳቸው አዘነበሏት። ወደ ታች ስትዞር ደረጃው ከበፊቱ የበለጠ በራ፤ ዓይናቸውንም መውጋቷን አቆመች። ለእሷ ደግሞ የግማሽ ክቡ ጭጋግ ሙሉ በሙሉ ጠፋ። በዚህ ጉዳይ ውስጥ ከተወሰዱት እርምጃዎች ሁሉ፣ ከወጪውና ከድካሙ ጋር ሲነጻጸር ትልቁን ለውጥ ያመጣው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ትራከሩና ኤክስፖዠሩ

ምድር ስለምትዞር ከዋክብት በሰማይ ላይ በየሰከንዱ 15 አርክ ሰከንድ (አንድ አርክ ሰከንድ የአንድ ዲግሪ 3,600ኛ ክፍል ነው) ያህል ይሄዳሉ። በተለምዶ የሚሠራበት የ500 ሕግ አለ። ከዋክብት ሳይረዝሙ ሹተሩ ስንት ሰከንድ ክፍት ሊቆይ እንደሚችል ለማወቅ፣ 500ን ለሌንሱ ርዝመት ማካፈል፣ ሴንሰሩ ትንሽ ከሆነ ደግሞ እንደገና ለ1.5 ማካፈል ነው። ለ200 ሚሊሜትር ሌንሷ የሚሰጠው 1.7 ሰከንድ ገደማ ነው። ሕጉ ለጋስ ስለሆነ፣ ፎቶውን አጉልታ ስታይ በዚያም ላይ ከዋክብቱ ረዘም ብለዋል።

ስለዚህ ከጓደኛዋ ትራከር ተዋሰች። ትራከር ካሜራውን ከሰማዩ ጋር እኩል የሚያዞር ትንሽ ሞተር ነው። የሚሠራው ግን ዘንጉ ከምድር ዘንግ ጋር ትይዩ ሲሆን ብቻ ነው። ለዚህ የሚያገለግለው የሰሜን ኮከብ ደግሞ ከጎን ባለው ፎቅ ተሸፍኗል። የስልኳን ኮምፓስ ሞከረች። ጣሪያው ውስጥ ያለው የአርማታ ብረት ኮምፓሱን እየሳበው፣ ሁለት እርምጃ በተራመደች ቁጥር ሰሜኑ ይቀየራል።

መፍትሔው ከቀኑ ፀሐይ መጣ። ክር ላይ ክብደት አስራ አንጠለጠለች። ፀሐይ ለዚያ ቦታ ትክክለኛ እኩለ ቀን ላይ ስትደርስ የክሩ ጥላ በትክክል ሰሜንና ደቡብን ያያይዛል። በዚያች ደቂቃ ጥላውን በጠመኔ ሲሚንቶው ላይ አሰመረችው። በታኅሣሥ ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል ጥላው ረዘም ያለና ለማስመር የተመቸ ነበር። ማታ ትራይፖዱን መስመሩ ላይ ተከለች። የከፍታውን ማዕዘን ከቦታዋ የኬክሮስ ቁጥር ጋር በስልኳ የውሃ ልክ አስተካከለች።

እንዲህ ሲሠራ ፍጹም አይሆንም። 60 ሰከንድ ስታነሳ ከዋክብቱ በትንሹ ረዘሙ። 30 ሰከንድ ላይ ነጥብ ሆኑ። ደግነቱ ከዚያ በላይ አያስፈልጋትም። በኤፍ 4 እና በአይኤስኦ 800፣ 30 ሰከንድ ላይ የሂስቶግራሙ ጉብታ ከግራ አንድ ሦስተኛ ላይ ደርሷል። የሰማዩ ኖይዝ የካሜራውን የራሱን ኖይዝ አንዴ ከበለጠው፣ አንዱን ፎቶ ማስረዘም ጥቅሙ ጥቂት ነው። በጨለማ ቦታ ረጅም ኤክስፖዠር (ሹተሩ ክፍት የሚቆይበት ጊዜ) ስለሚያስፈልግ ትክክለኛ አሰላለፍ ግድ ይላል። በከተማ አጭር ስለሚበቃ ስህተቱ ይቅር ይባላል።

ሌላው የተማረችው የጣሪያው መንቀጥቀጥ ነው። ሰው ሲራመድ ከዋክብቱ ይዘላሉ። ሹተሩን በሪሞት አስጀምራ፣ ከጣሪያው ወርዳ ደረጃው ላይ ትቀመጥ ነበር።

ፎቶዎቹን መደራረብና ማጽዳት

አንዱ የ30 ሰከንድ ፎቶ ብቻውን ሲታይ ተስፋ ያስቆርጣል። ግራጫ መደብ ላይ ትንሽ ሮዝ ጠብታ ነው። ኃይሉ ያለው በመደራረብ ነው። የፎቶዎቹ ቁጥር ሲጨምር ጥራቱ በቁጥሩ ካሬ ሥር ያድጋል። 100 ፎቶ 10 እጥፍ ያጸዳል፤ 400 ፎቶ 20 እጥፍ። እሷ በበርካታ ሌሊቶች የተነሱ ብዙ መቶ ፎቶዎችን በሲሪል ደራረበች። በየተወሰነ ፎቶ የካሜራውን አቅጣጫ በጥቂቱ ታነቃንቅ ነበር፤ ካልተነቃነቀ የሴንሰሩ ቋሚ እንከኖች ተደራርበው ሰያፍ ጭረት ይሆናሉ።

እዚህ ላይ የወደቀውን ሙከራ ልንገራችሁ። የከተማ ፎቶ መደቡ ደማቅ ስለሆነ፣ የሌንሱ ጠርዝ መጥቆርና ሴንሰሩ ላይ ያለ አቧራ እንደ ማኅተም ጎልተው ይወጣሉ። ይህን የሚያጠፋው ፍላት የሚባለው ፎቶ ነው፤ ነጭ ቲሸርት ሌንሱ ላይ ተወጥሮ በእኩል የበራ ሰማይ ይነሳል። የመጀመሪያዎቹን ፍላቶች ያነሳችው ሌንሱን አውርዳ፣ በማግሥቱ እንደገና ገጥማና ፎከሱን ነክታ ነው። አቧራው ቦታውን ቀይሯል። ፎቶው በእነዚያ ፍላቶች ሲስተካከል እያንዳንዱ ጥቁር ክብ አጠገብ ነጭ ክብ ወጣ። በሚቀጥለው ጊዜ ፎከሱን በቴፕ አሰረችና ምንም ሳትነካ ጎህ ሲቀድ አነሳች፤ ተስተካከለ።

ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው የሚደምቀው የመደብ መዛነፍም ነበረ። ከተደራረበ በኋላ ለማስወገድ ስትሞክር አስቸገረ። ምክንያቱ ኦሪዮን በሰማይ ላይ ሲጓዝ የከተማው ብርሃን የሚመጣበት ጎን መቀያየሩ ነው። ከመደራረብ በፊት ከእያንዳንዱ ፎቶ ላይ ቀጥ ያለ ቀላል መዛነፍ ስትቀንስ ግን የቀረው በቀላሉ ጸዳ። የኔቡላው እምብርት፣ ትራፔዚየም የሚባሉት ከዋክብት ያሉበት፣ በ30 ሰከንዱ ነጭ ሆኖ ስለተቃጠለ፣ በ3 ሰከንድ የተነሱ ሌሎች ፎቶዎችን ለብቻ ደራርባ እዚያ ላይ አዋሐደቻቸው።

ያልሠራው፦ አንድሮሜዳ

በኦሪዮን ተበረታታ በቀጣዩ ኅዳር የአንድሮሜዳን ጋላክሲ ሞከረች። ዘዴው ያው፣ ጣሪያው ያው። የወጣው ደማቁ እምብርትና በዙሪያው ያለ ጭጋግ ብቻ ነው። 2.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ርቆ ያለው ይህ ጋላክሲ በሰማይ ላይ 3 ዲግሪ ያህል ይዘረጋል፤ ውጫዊው ክፍሉ ግን በጣም ደብዛዛ ነው። እሱ ከኖይዙ ሥር ቀረ።

ተስፋ አልቆረጠችም፤ ሁለት ቀለም ብቻ የሚያሳልፍ ጠባብ ፊልተር ተዋሰች። ይህ ፊልተር የሃይድሮጅንን 656.3 እና የኦክስጅንን 500.7 ናኖሜትር መስመሮች ያሳልፋል፤ የቀረውን ያግዳል። በኦሪዮን ላይ ኤልኢዲውንም ጭምር ቆርጦ ጥሩ ሠርቷል፤ ምንም እንኳ ካሜራው ውስጥ ያለው የፋብሪካ ፊልተር ከሃይድሮጅኑ ቀይ ብርሃን አብዛኛውን ቢያስቀርም። በአንድሮሜዳ ላይ ግን አልፈየደም። ኔቡላ የሚያበራው በጥቂት የጋዝ መስመሮች ነው። ጋላክሲ የሚያበራው በቢሊዮን በሚቆጠሩ ከዋክብት ብርሃን ነው፤ እሱም እንደ ነጭ ኤልኢዲ በሁሉም ቀለም ላይ የተዘረጋ ነው። መብራቱን ስታግድ ጋላክሲውንም ታግደዋለህ።

በመጨረሻ አንድ ሌሊት አግኝታ ከከተማ ወጣች። በካሜራዋ ስትለካው ሰማዩ ከጣሪያዋ በ16 እጥፍ ያህል ጠቁሯል፤ የ3 ማግኒቲውድ ልዩነት ነው። እዚያ ያነሳችው አንድ ሰዓት ከጣሪያዋ 16 ሰዓት ጋር እኩል ነው ማለት ነው። የጋላክሲው ጥቁር የአቧራ መስመሮች የታዩት ያን ጊዜ ነው።

ለሌላ ሰው የሚሆን

ከዚህ ጉዳይ ወደ ሌላ ቦታ የሚሄደው ትልቁ ነገር ቅደም ተከተሉ ነው። መጀመሪያ በአጠገብ ያለውን መብራት መጋረድ ወይም ባለቤቱን ማነጋገር፤ ቀጥሎ ሰዓቱን፣ አየሩንና ከፍታውን መምረጥ፤ ከዚያ ብዙ ሰዓት ማንሳት። ፊልተር የሚመጣው ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ያውም የሚነሳው ነገር ጋዝ ከሆነ።

ዒላማን በቦታ መከፋፈልም ይቻላል። ጨረቃ፣ ፕላኔቶች፣ የከዋክብት ክምችቶችና ደማቅ ኔቡላዎች ከከተማ ይነሳሉ። ለጋላክሲዎችና ፍኖተ ሐሊብን በሰፊ ሌንስ ለማንሳት ያቺን አልፎ አልፎ የምትገኝ የጨለማ ሌሊት መቆጠብ ይሻላል። እሷ አሁን የምትሠራው እንደዚህ ነው።

ትራከር የሌለው ሰውም መጀመር ይችላል። በ50 ሚሊሜትር ሌንስ፣ በትንሽ ሴንሰር፣ ከ3 እስከ 5 ሰከንድ የሚደርሱ ጥቂት መቶ ፎቶዎች በሮው ይነሱ። ፎከሱ በላይቭ ቪው (በካሜራው ስክሪን ላይ) ደማቅ ኮከብ አጉልቶ በእጅ ይስተካከል። በየደቂቃዎቹ ኦሪዮን ወደ ፍሬሙ መሃል ይመለስ። ሲደራረቡ ከቀበቶው ሦስት ከዋክብት ሥር ሮዝ ጠብታው ይወጣል። ሲሪልም ሆነ ዲፕ ስካይ ስታከር ለዚህ በነፃ ይገኛሉ።